ዘመነ መጠይቅ

እንግዲህ ጎበዝ፣ የመከራ ባልንጀሮቼ፣ ስምንተኛው ሺህ ሲሉን እሳት የሚዘንብበት ዘመን መስሎን ነበር። ለካ የሚዘንበው ወረቀት ኖሯል። እሱም ተራ ወረቀት መስሏችኋል? በግራው ዓረፍተ ነገር፣ በቀኙ ከ1 እስከ 5 የተደረደረ ቁጥር፣ ከአናቱ ላይ ደግሞ «ይህ መጠይቅ ለትምህርታዊ ጥናት ብቻ የሚውል ሲሆን ስለ ትብብርዎ በቅድሚያ አመሰግናለሁ» የሚል ማባበያ ያለበት ወረቀት ነው። በቅድሚያ! በእኛ ዘመን ሰው የሚመሰገነው ሠርቶ ላቡን ከጠረገ በኋላ ነበር። አሁን ምስጋናውን አስቀድመው ያሸክሙህና ስድስት ገጽ ያስሞሉሃል።

የካ ውስጥ የሚኖር ሰው ከዚህ መዓት ወዴት ይሸሻል? ኮተቤ የመምህር አገር ነው። የመምህራን ማሠልጠኛው እ.ኤ.አ. በ1969 ከስድስት ኪሎ ወጥቶ እዚህ ከሰፈረ ወዲህ አስተማሪ የሌለበት አጥር ማግኘት ይቸግራል፤ ዛሬ ራሱን የቻለ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ጠያቂው ግን ከዚያ ብቻ አይደለም የሚመጣው። በማታውም፣ በቅዳሜና እሁዱም፣ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ማስተርሱን የሚያገባድድ ሁሉ «እዚህ ሠፈር ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ» ሲባል በሬን ያንኳኳል። በር ማንኳኳቱስ ደግ ነው፤ የዛሬ ልጅ ገና ሳይቀመጥ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ይላል። እኔ ጉሮሮዬን ለመጥረግ ብቻ ከዚያ የበለጠ ያስፈልገኛል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አምስቱ መልስ ነው። «የርዕሰ መምህሩ አመራር አሳታፊ ነው»፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ከእነዚህ ሌላ መናገር ክልክል ነው። «ሰውየው ጥሩ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ሐሳቡ ተበተነ» የሚል መልስ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል? ይህን ያመጣው ሊከርት የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932። የልጅ ልጄ ናት የነገረችኝ። እሷም፣ እግዜር ይይላትና፣ የትምህርት አመራር ማስተርሷን እየሠራች ነው፤ መከራው ቤቴ ድረስ ገብቷል ማለቴ ነው። መልሶቹን በቁጥር ትለውጥና ትደምራለች፣ ታካፍላለች። ባለቤቴ በዕድሩ መዋጮ ጉዳይ «በጣም እስማማለሁ» ብላ 5 ሞላች። እኔ «በጣም አልስማማም» ብዬ 1 ሞላሁ። ልጅቱ ደመረች፣ ለሁለት አካፈለች፣ 3 ወጣ። ሦስት ማለት «አልወሰንኩም» ነው! እኔና ባለቤቴ ዕድሜ ልካችንን የተጨቃጨቅነው ስለ ወሰንን ነው እንጂ ስላልወሰንን ነው እንዴ? የሁለት ቁርጠኛ ሰዎች ጠብ በማካፈል ምልክት ወላዋይ አንድ ሰው ወለደ። ይህን ሲያዩ ዝም የሚሉ ፕሮፌሰሮች እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው አላውቅም።

ያም ሆኖ ልጅ ናትና አልጨከንኩባትም። ለጎረቤት የሚታደለውን መጠይቅ ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች። ጎረቤቶቼ መነጽራቸው ተሰብሯል፣ ወይም ሽሮ ላይ ናቸው፣ ወይም ለቅሶ ሄደዋል። ታዲያ እኔ ምን አደከመኝ? በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ለሁሉም ሞላሁላቸው። የሚያስቡትን አውቃለሁ፤ ስንት ዘመን ቡና አብረን ጠጥተናል። ልጅቱ መልሱን ኮምፒዩተር ውስጥ ከታ ክሮንባህ አልፋ የሚሉትን ስታወጣ በደስታ ዘለለች። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1951 ክሮንባህ የሚባል ሰው ያወጣው መለኪያ ነው አሉ፤ ጥያቄዎቹ አንድ ነገር ላይ ተባብረው መቆማቸውን ያያል። 0.70 ካለፈ አማካሪው ይስቃል፤ የእሷ 0.96 ሆነ። «አባባ፣ የሠፈርዎ ሰው እንዴት እንዲህ አንድ ዓይነት ሆነ?» አለችኝ። የድሮ ሰው ቃሉ አንድ ነው አልኳት። የዛሬዎቹ ወጣቶች የሞሉት ቢሆን ኖሮ እርስ በርሱ በተጣረሰ ነበር።

ደግሞ የናሙናው ነገር። ድሮ ናሙና ማለት ከጤፍ ነጋዴ መዳፍ ላይ የምናያት ቁንጥር ነበረች። ዛሬ ናሙና በያማኔ ቀመር ይወጣል። ያማኔ የሚባሉት ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 የስታቲስቲክስ መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ የኢትዮጵያ ማስተርስ ተማሪ ሁሉ በሳቸው ይምላል። የሕዝቡን ብዛት ለአንድ ሲደመር የሕዝቡ ብዛት ሲባዛ የስሕተቱ ካሬ ታካፍላለህ። እኔ የድሮ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ያለ ማሽን በእርሳስ ሠራሁት። ለሁለት ሺህ ተማሪ 333 ይወጣል። ለአሥር ሺህ 385። ለመቶ ሺህ 398። ለመላው የኢትዮጵያ ተማሪ ብትሠራው ከ400 ፈቅ አይልም። «ታዲያ ለምን ይደክማችኋል? ሁላችሁም 400 ብላችሁ ለምን አትገላገሉም?» ብላት፣ ቀመሩ የሚሠራው ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ ብቻ ነው አለችኝ። በዕጣ መረጥሽ ወይ? ዝም።

ዝምታዋን ተከታተልኩት። የጥናቱ ርዕስ «የወላጆች ክትትል በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ በየካ ክፍለ ከተማ በተመረጡ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች» ይላል። በተመረጡ! ማን መረጣቸው? ካርታ አምጪ አልኳት። የተመረጡት ሁሉ ከመገናኛ በላምበረት አድርጎ ወደ ኮተቤ በሚወጣው የታክሲ መስመር ግራና ቀኝ የተሰለፉ ናቸው። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል የወረደችበት ሁሉ ተመርጧል ማለት ነው። ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ጥግ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ያለው ልጅ፣ እናቱ በሌሊት ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው ልጅ፣ እሱ የለበትም። እናቱ ደብተሩን ታይለት አታይለት የሚጠይቃት የለም። ክትትል የጎደለውን ቤት ልታጠና ወጥታ ክትትል ያላቸውን ብቻ ሰብስባ ተመለሰች። ይህን በነገርኳት ጊዜ «አባባ፣ እዚያ ታክሲ አይወጣም» አለች። እኔማ ጉልበቴ ባይሆን ኖሮ ራሴ በእግሬ ወጥቼ አሳያት ነበር። የሰው ችግር የሚያጠና ሰው ዳገት ሲፈራ ደግ አይደለም።

በዚያ ላይ ከአንድ ክፍል ሠላሳ ልጅ ታስነሳና ሠላሳ ሰው ጠየቅሁ ትላለች። አንድ መምህር የቀጣቸው፣ አንድ መጽሐፍ ለአራት የተካፈሉ፣ በአንድ ጣራ ዝናብ የበሰበሱ ልጆች እኮ ናቸው። ከአንድ ቤት ሠላሳ ምስክር ጠርቶ ፍርድ ቤት እንደ መቅረብ ነው፤ ዳኛው «አንዱ ይበቃል፣ ሌሎቻችሁ ውጡ» ባለ ነበር። ለዚህም መላ አለው አሉ፤ ልጁን በክፍሉ፣ ክፍሉን በትምህርት ቤቱ ውስጥ እያስቀመጡ በየደረጃው የሚያሰሉበት ዘዴ። «ለምን በሱ አልሠራሽም?» «አማካሪዬ አላለኝም።» አያችሁ? ልጅ የሚያደርገው ሽማግሌ ያለውን ብቻ ሆኗል። (እኔ ስናገር ግን አትሰማም።)

ከዚያ ኮከብ ለቀማ ይመጣል። ኤስፒኤስኤስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አንዱን ከአንዱ እያጋጠመች ስትጫነው ታድራለች። በቁጥሩ ጎን ኮከብ ከወጣ «ሲግኒፊካንት» ነው፤ ካልወጣ ልጅቱ ራት አትበላም። ኮከቡ የሚወጣው ፒ ቫልዩ የሚሉት ከ0.05 ሲያንስ ነው። ማን ወሰነው? ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ፣ በእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1925 በጻፈው መጽሐፍ ያስለመደው ልክ ነው። ለገብስና ለማዳበሪያ! እሱም ለነገሩ ጥሩ መነሻ ይሁን ብሎ እንጂ ታቦት አድርጋችሁ ተሸከሙት አላለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር ራሱ ወጥቶ «በዚህች ቁጥር ብቻ አትፍረዱ» ብሎ መግለጫ ማውጣት ግድ ሆነበት። ቲ ቴስት የሚሉትን ያወጣው ደግሞ ጎሴት የተባለ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሲያሳትመው ፋብሪካው በስሙ እንዲጽፍ ስላልፈቀደለት «ተማሪ» ብሎ ፈረመ። እንዲህ ነበር የድሮ ሰው! ዛሬ ገና ፕሮፖዛሉ ሳይጸድቅ ስሙ ፊት «እጩ ዶክተር» ብሎ የሚጽፍ አለ። እኔ በበኩሌ ማዕረግ አልወድም። ለሠላሳ ዓመት «ጋሼ መምህር» እየተባልኩ ኖሬ አሁን በስሜ ብቻ የሚጠራኝን ሰው ደግሞ ዞር ብዬ አላየውም፤ ያ የሥርዓት ጉዳይ ነው።

ኮከቡ ያልወጣለት ጥናት ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? መሳቢያ ውስጥ። ያልታየ ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል። ኮከቡን በገንዘብ የሚያወጡም አሉ፤ በየስልክ እንጨቱ ላይ «ጥናታዊ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፎ ታያላችሁ። ማማከር እቴ! ከርዕሱ እስከ ምስጋናው ጽፎ የሚያስረክብ ነው። ክብርና ሙያ እንዲህ በሜዳ ይሸጣል። እኔ የሰው ጽሑፍ ሳርም ሰዋስዉን ብቻ ነው የምነካው፤ አንዳንዴ ምዕራፍ ሁለት ቢጎድል ከሌላ ካረምኩት ላይ አስታውሼ እሞላለሁ፤ የሚሰጡኝም ለቡና ያህል ነው።

ወደ ውጤቱ ልምጣ፤ ልቤ የሚደማው እዚያ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሬዲዮኑን ዘጋሁት። በዓመቱ 3.2 ተባለ፤ በ2016 ደግሞ 5.4። የልጅ ልጄ ነገር ለማለዘብ ትወዳለች፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ የ2014ቱ የመጀመሪያው ነው፣ ማለፊያውም እዚያው ላይ ከፍ ብሏል፣ ስለዚህ ከቀድሞው ጋር ዝም ብሎ አይነጻጸርም ትለኛለች። ምን ማነጻጸር ያስፈልጋል? በእኛ ጊዜ ማትሪክ የወደቀ ሰው አልነበረም። ከመሬት ተነስቼ አይደለም የምለው፤ አጣርቻለሁ። ጡረታ የምንቀበልበት ሰልፍ ላይ ከፊቴም ከኋላዬም የቆሙትን የቀድሞ መምህራን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንድም የወደቀ የለም! መቶ በመቶ! ይህንን ያለ ኮምፒዩተር፣ ያለ ያማኔ፣ ቆሜ ነው የሠራሁት።

አሁንም ልጅቱ አፏን አትዘጋም። በ1992 ዓ.ም. በመጀመሪያው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት ከመቶ 47.9 ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. 40.9 ሆነ። «አየሽ፣ ወረደ!» አልኳት። እሷ ደግሞ፣ በ1986 ግድም የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪው ወደ 3 ሚሊዮን ነበር፤ ከ15 ዓመት በኋላ ከ15 ሚሊዮን አለፈ፤ በፊት እረኛ ሆኖ የሚቀረው ልጅ አሁን ፈተናው ላይ ተቀምጧል፤ አንዱም ልጅ ሳይደነቁር አማካዩ ሊወርድ ይችላል አለችኝ። ይህ የሶፊስት ነገር ነው። ትምህርት ቤቱን ያጨናነቀው ማን ነው ታዲያ? ሁሉም ይግባ፣ ሁሉም ይማር እያሉ መቀመጫ አሳጡን። እኛ እኮ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቀበሌውን በሙሉ፣ አሮጊት ሳንለይ፣ አንድ ጥላ ሥር አስተምረን ነው ያስመረቅነው። ከእኔ ምድብ የወደቀ የለም፤ የፈተንኩትም ያረምኩትም ሪፖርቱን የሞላሁትም እኔ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት መጣልን። ያኔ ቁጥር ቁጥር ነበር!

አሁን ደግሞ ሕፃን ልጅ በሰዓት የሚለካበትን ጉድ ስሙ። በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ የልማት ድርጅትና ትምህርት ሚኒስቴር ሆነው በስድስት ቋንቋ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን ንባብ ፈተኑ። ልጁን ለብቻው ያስቀምጡታል፣ ሰዓት መያዣውን ይጫናሉ፣ ስድሳ ሴኮንድ ይሰጡታል። ያነበበውን ቃል ይቆጥራሉ፣ የሳተውን ይሰርዛሉ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ የደረሰበት ቃል ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ከ2ኛ ክፍሎቹ 34 በመቶው ከምንባቡ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እዚህ ላይ እኔም ዝም አልኩ፤ አንዲት ቃል ማለት ቀላል አይደለም።

ግን ከፈተናው አንዱ ክፍል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የፈጠራ ቃል! ትርጉም የሌለው፣ እናት ያልወለደችው ቃል ሰጥተው «አንብብ» ይሉታል። ልጅቱ ምክንያቱን ልታስረዳኝ ሞከረች። «በሬ» የሚለውን ልጁ ሥዕሉን አይቶ፣ ወይም በቃሉ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የማያውቀውን ቃል ካነበበ ግን በእርግጥ ፊደል ይለያል ማለት ነው አለችኝ። ይህ ሕፃን ማጃጃል ነው! ትርጉም የሌለው ነገር ለልጅ የሚሰጥ ምን ዓይነት አእምሮ ነው?

የኔታ እንዲህ አላደረጉንም። የኔታ ዘንድ ፊደሉ በቆዳ ላይ ተለጥፎ፣ ስንደዶ ይዘን፣ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እያልን እንጮኻለን። ግማሻችን የምንጮኸው በዜማው ነው፤ ስንደዶው ሌላ ቦታ፣ አፋችን ሌላ ቦታ። የኔታ ያውቃሉ። እንዲያ ሆነን ለወራት እንቆይና አንድ ቀን «በል አሁን አቡጊዳ» ይላሉ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ከየቤቱ አንዳንድ እየዘለለ፣ አንዱን በግዕዙ፣ አንዱን በካዕቡ፣ አንዱን በሣልሱ። በዜማ ይነዳ የነበረው ልጅ እዚያች ላይ ይያዛል፤ ምራቁ ይደርቃል፤ ምክንያቱም አቡጊዳ ምንም ማለት አይደለም፣ ዓይንህን ካልገለጥክ አትወጣውም። ያንን ያለፈ ነው መልእክተ ዮሐንስ የሚሰጠው፣ ከዚያም ዳዊት የሚደግመው። ፊደል የለየና ያልለየ እንዲህ ነበር የሚበጠረው፤ አንድም ፈረንጅ ሳይመጣ፣ አንድም ትርጉም የለሽ ቃል ሳያስፈልግ! ይህን ስነግራት ልጅቱ ሳቋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ምን እንዳሳቃት አልነገረችኝም። ሥርዓት ጠፋ ስል ይኸን ነው።

እኔም ሳስተምር ሰዓት ይዤ አላውቅም። ልጁ ተነስቶ ገና መጽሐፉን ሲገልጥ፣ በአያያዙ፣ በልብሱ ንጽሕና፣ በእጅ ጽሑፉ አውቀዋለሁ። ውጤቱን በልቤ ሰጥቼው ነው የማስነብበው ማለት ይቻላል፤ ብሳሳት ልሙት!

የዛሬ ተማሪ ሌላው በሽታው ያላነበበውን መጥቀስ ነው። በቅንፍ ስም፣ በቅንፍ ዓመት፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ዓመት። «ይህን መጽሐፍ አንብበሽዋል?» ስላት፣ ሌላ ሰው ጠቅሶት አይታ መሆኑን ታምናለች። እኛ ጥናትን በቁም ነገር የምንወስድ ሰዎች ነበርን። በ1964 ዓ.ም. መንግሥት ከዩኒቨርሲቲው ምሁራንና ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር ሆኖ የትምህርት ሴክተር ሪቪው የሚባለውን ትልቅ ጥናት አስጠናና፣ ለአብዛኛው ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃል የሚል ሐሳብ አመጣ። የድሃ ልጅ ከታች ሊቀር፣ የእኛም ደመወዝ ሊነካ ነው አልን። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆምን፤ በዚያኑ ቀን ታክሲውም በቤንዚኑ ዋጋ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የታሪክ መጻሕፍት ይናገሩት። ጥናቱም ተጠቀለለ። አንብቤው ነበር ወይ? ኧረ ወዲያ! ማን ያነበዋል ያን የሚያህል ጥራዝ? አንድ ጓደኛዬ ያነበበ ሰው ያውቅ ነበር፤ እሱ ነገረን፤ ለእኛ ያ ይበቃን ነበር።

ይኸው ነው እንግዲህ። አንድ ጊዜ የተጠናውን የሚደግመው የለም፤ ይህ ደግሞ ሌላው ቁጭቴ ነው። አንዱ ተማሪ አንድ ነገር «አረጋገጥኩ» ይላል፣ ጋውኑን ለብሶ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል፤ እውነት መሆኑን ተመልሶ የሚያይ የለም። ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ላይ የታወቁትን መቶ የትምህርት መጽሔቶች ፈትሸው ከ164,589 ጽሑፎች መካከል የቀድሞን ጥናት የደገሙት 221 ብቻ ሆነው አገኟቸው። ከሺህ አንድ ቢሆን ነው! እንጦጦ ጋራ ላይ በሁለቱ ቴሌስኮፖች ሰማይ የሚያዩት ሰዎች እንኳ አንዲቱን ኮከብ ሌሊት ሌሊት እየተመለሱ ነው የሚያዩአት፤ አንድ ሌሊት አይተው «በቃ አወቅናት» አይሉም። ኮከብ እንደሆነች የትም አትሄድም፤ ልጅ ግን ያድጋል፣ ይታመማል፣ ሠፈር ይቀይራል። የኦክስፎርዶቹ ያንግ ላይቭስ በአገራችን በ20 ቦታዎች ሦስት ሺህ ልጆችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ይዘው፣ እነዚያኑ በየጥቂት ዓመቱ ተመልሰው ሲጠይቋቸው ልጆቹ አደጉ። እንዲህ ነው እንጂ ጥናት! ትዕግሥት ማለት ይህ ነው።

ባለፈው ግን አንዲት ልጅ መጥታ አምና ሌላ ልጅ የጠየቀችኝን ያንኑ መጠይቅ፣ ቃል ሳይቀየር፣ ይዛብኝ ቀረበች። «የአምናው ውጤት ዘንድሮም ይሆን እንደሆነ ለማየት ነው» ትለኛለች። ያንን ሁሉ መልሼላችሁ የለም ወይ፣ ወረቀት ትጥላላችሁ እንዴ ብዬ በቁጣ መለስኳት። የሰው ጊዜ መቀለጃ አደረጉት።

ቀደም ሲል ስለ ናሙና ሳወራ ዕጣ ስላልኩ አንድ ነገር ልጨምር። ቴኔሲ በሚባል የአሜሪካ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመት፣ በ79 ትምህርት ቤቶች ወደ 11,600 ልጆችን በዕጣ መድበው፣ ገሚሱን ከ13 እስከ 17 ልጅ በያዘ ክፍል፣ ገሚሱን ከ22 እስከ 25 በያዘ ክፍል አስተማሩ። ትንሹ ክፍል በለጠ። በዕጣ ስለሆነ የሀብታም ልጅ ተለይቶ ትንሹ ክፍል አልገባም፤ ልዩነቱ የክፍሉ ነው ይላሉ። በመጀመሪያ፣ በዕጣ የሚመደበው ኮንዶሚኒየም እንጂ ሕፃን አይደለም። በ1997 ተመዝግበን ስንጠብቅ ዕጣ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሃያ አምስት ልጅ እንዴት ብዙ ይባላል? እኔ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል አስተምሬአለሁ። ሁሉንም በስማቸው አውቃቸው ነበር፤ የፊተኛውን ረድፍ ማለቴ ነው።

እንግዲህ አማካሪዋ በመጨረሻ ልብ ገዝቶ «የተራራውን ትምህርት ቤቶች ጨምሪ» አላት አሉ። እኔ ስለው የነበረውን! ግን የእኔ ቃል ከንቱ ነው፣ የሱ በኢሜይል ስለመጣ እውነት ሆነ። ትናንት ማታ ተጠግታ ተቀመጠች፣ ሻይ ቀዳችልኝ፤ የዛሬ ልጅ ሻይ ከቀዳ ነገር አለ ማለት ነው። «አባባ፣ ከእንጦጦ ጥግ ያለውን መረጃ የሚሰበስብልኝ ሰው ፈልጌ ነበር፤ እርስዎን ሰዉ ያውቅዎታል፣ ያከብርዎታል» አለች። እኔ? ከዚህ ሁሉ በኋላ? ይህን ወረቀት ይዤ በየሰው ደጅ? ሳልሞት አይሆንም አልኳት። ቆየት ብዬ አበል እንዳለው ጠየቅሁ።

አለው። የነገረችኝን ገንዘብ ግን ለመናገርም ያሳፍራል። እኛ ለዘመቻ ስንወጣ አበል የሚባል ነገር በአፋችን አልዞረም፤ ለእናት አገር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሰው አበል ካላገኘ እግሩን አያነሳም ብዬ መክሬአታለሁ። ለማንኛውም ትራንስፖርቱ ለብቻው እንዲታሰብ፣ ምሳም እንዲካተት ተስማምተናል። አንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። ዳገቱን መውጣት ምን ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን እዚሁ በረንዳዬ ላይ እጨርሰዋለሁ፣ የእንጦጦን ሰው ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ አልኳት። እሷ «ኖ፣ አባባ» አለች፤ ኖ! ነገ አነጋግራታለሁ። በረንዳ ላይ ተቀምጬም ብሞላው አበሉ መታሰብ ያለበት በመስክ ሥራ ነው።